ቀርከሃን በጠርሙስ ስለ ማባዛት

ወይራ የሚተክል ሰው ጥላውን ለልጅ ልጁ ይተክላል። ቀርከሃ የሚተክል ሰው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቈርጦ ቤቱን ሊሠራበት፥ አጥሩን ሊያጥርበት፥ ወደ ገበያም አውጥቶ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ቀርከሃ ለሚቸኩል ሰው የተሰጠ ተክል ይመስላል። ጠባዩን ለመረመረ ሰው ግን ከወይራ ይልቅ ረጅም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር በውስጡ ተሰውሮ ይገኛል። አገዳው ቶሎ ቢደርስም ዘሩን የሚሰጠው በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ፥ አንዳንዱም ወገን በብዙ ትውልድ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ይህን ዘሩን የሚነሣ ተክል ያለ ዘር በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚያባዛው ጥበብና፥ ጥበቡን ስንይዝ ልንጠነቀቅለት ስለሚገባን ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ቀርከሃ ምንም እንኳ እንደ ዛፍ ቢረዝም ወገኑ ከሣር ነው። ብርዕ ከሚቀረጽበት ከመቃ፥ ከሸምበቆ፥ ከስንዴና ከጤፍም ጋራ በአንድ ነገድ ይቈጠራል። ዛፍ ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ ይሄዳል፤ የቀርከሃ ቡቃያ ግን ከመሬት ሲወጣ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በጥቂት ወራትም ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፥ አይወፍርምም፤ ሥራው መጠንከር ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ገደማ አገዳው ለቤት ሥራ ይበቃል። የበሰለው አገዳ ሲቈረጥ ከምድር በታች ያለው ግንድ በየክረምቱ ሌላ ቡቃያ ይሰጣልና፥ በሥርዐት የሚቈረጥ ቀርከሃ ሳይነቀል ለብዙ ዘመን ይኖራል። ሥሩም አፈሩን ጠፍሮ ስለሚይዝ ጎርፍ የሚሸረሽረውን ገደል ለመጠበቅ እጅግ ይጠቅማል።

በአገራችን በተፈጥሮ የሚገኘው ቀርከሃ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የደጋ ቀርከሃ የሚባለው ሲሆን አገዳው ባዶና ረጅም ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ብርዳም አገር ይበቅላል። ሁለተኛው የቈላ ቀርከሃ፥ በብዙ ስፍራም ሽመል የሚባለው፥ ከ1,800 ሜትር በታች ባለው ሞቃት አገር የሚበቅል ነው፤ አገዳውም ውስጡ የተሞላና ጽኑ ነው። ሁለቱ ተደምረው የሚሸፍኑት መሬት ከአንድ ሚልዮን ሄክታር ይበልጣል፤ በአፍሪካም ብዙ ቀርከሃ ካላቸው አገሮች አንዷ አገራችን ናት። የዶርዜ ሰው ቤቱን እንደ ቅርጫት የሚጐነጉነው፥ የሲዳማም ሰው የጐጆውን ግድግዳና ክዳን የሚያበጀው በቀርከሃ ነው። በአዊ አገር ወንበሩና ጠረጴዛው ይሠራበታል። በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ አገር የክረምቱ ለጋ ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል። ንብ አንቢውም ቀፎውን ይሠራበታል። እንግዲህ ይህ ተክል ጠፋ ማለት የድኻው ግድግዳ፥ ክዳን፥ አጥር፥ ዕቃና የክረምት ምግብ ባንድነት ጠፋ ማለት ነው።

የሚጠፋበትም ጊዜ አለው። አብዛኛው የቀርከሃ ወገን ለብዙ ዓመታት ያለ አበባ ይኖርና፥ ዘመኑ በደረሰ ጊዜ በአንድ አገር ያለው ሁሉ ባንድነት ያብባል፤ ዘሩን ያራግፋል፤ ከዚያም ይደርቃል። በአንድ ጊዜ የበቀለ ዘር በአንድ ጊዜ ይሞታልና፥ ሽማግሌው ተክል ሞቶ ልጅ ተክል እስኪተካ ድረስ ጫካው ራቁቱን ይቀራል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው የቈላ ቀርከሃ በሰፊ ስፍራ እንዲህ አብቦ ደርቋል። ዘሩ በወደቀበት ስፍራ እሳት ባይገባና ከብት ባይረግጠው ጫካው ራሱን ሊተካ ይችላል፤ ነገር ግን የደረቀው አገዳ ለእሳት የተመቸ ማገዶ ስለ ሆነ፥ ባዶ የሆነውም መሬት ለእርሻ ስለሚፈለግ፥ ቀርከሃው በሄደበት ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ ነገር ክፋት እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ለማወቅ የሕንድን አገር ታሪክ መመልከት ይገባል። በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ በሚዞራም ተራሮች የሚበቅለው የቀርከሃ ወገን በየ48 ዓመቱ ገደማ ያብባል። ፍሬው ትልቅ ስለ ሆነ አይጦች ይበሉትና ከመጠን በላይ ይራባሉ፤ ፍሬው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ገበሬው እርሻና ጐተራ ይወርዳሉ። በ1958ና በ1959 ይህ በሆነ ጊዜ የአገሩ ሽማግሎች የአባቶቻቸውን ነገር አስታውሰው ረኃብ እንደሚመጣ አስቀድመው ተናገሩ። አገሩን ይገዛ የነበረው የአሳም አስተዳደር ግን ነገሩን እንደ ተረት ቈጥሮ ቸል አለው። ረኃቡም መጣ። ለተራበው ሕዝብ ርዳታ ለማድረስ የተቋቋመው ማኅበር በ1961 የፖለቲካ ማኅበር ሆነ፤ በ1966ም የጦር መሣሪያ አነሣ፤ ዕርቅ የተደረገው በ1986 ነው። ተክሉ እንደ ገና ባበበበት ከ2006 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ግን መንግሥት ዘመኑን አስቀድሞ አውቆ ስለ ተዘጋጀ፥ ምንም እንኳ ሰብል ቢጠፋ፥ የፊተኛው ዐይነት መከራ አልደረሰም። አንድ ተክል በስንት ዓመት እንደሚያብብ በጽሑፍ ይዞ መቈየት ለመንግሥት ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ገበሬው ቀርከሃን ለማባዛት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው መንገድ ከአንድ እግር ቀርከሃ ላይ አንዱን አገዳ ከምድር በታች ካለው ግንዱና ከሥሩ ጋራ ቈፍሮ አውጥቶ በሌላ ስፍራ መትከል ነው። ይህ መንገድ መልካም ነው፤ ለጓሮ ለሚተክል ሰውም ይበቃል። ነገር ግን ቍፋሮው ከባድ ነው፤ የሚወጣው ተክል ሸክሙ ብዙ ስለ ሆነ ወደ ሩቅ አገር ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ እናቲቱም ተክል ትጐዳለች። ዘር በተገኘ ጊዜ በዘር ማባዛት ከሁሉ ይቀላል፤ ሆኖም ዘሩ የሚገኘው ተክሉ ባበበ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተራ ጐተራ የተቀመጠም ዘር ብዙ ሳይቈይ የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም እንደሚደረገው ሰፊ የችግኝ ተከላ ላለው አገር፥ ዘር እስኪገኝ መጠበቅም ሥር እየቈፈሩ ማመላለስም የሚያዋጣ አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

ሦስተኛው መንገድ ሊቃውንት ቲሹ ካልቸር የሚሉት ነው፤ በአማርኛ የኅብረ ሕዋስ ማባዛት ልንለው እንችላለን። መሠረቱም ይህ ነው፤ ከተክል አካል የተቈረጠች ትንሽ ክፍል የሙሉውን ተክል ጠባይ ሁሉ በውስጧ ይዛለች፤ የሚመቻትን ምግብና ብርሃን ብታገኝ እንደ ገና ሙሉ ተክል ልትሆን ትችላለች። ይህን አሳብ በ1902 አስቀድሞ የገለጠው ጎትሊብ ሃበርላንት የሚባል የኦስትርያ ሊቅ ነው። እርሱ ራሱ የተክል ሕዋሳትን በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሕይወት ለማቈየት ቢችልም እንዲከፋፈሉ ለማድረግ አልተሳካለትም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ግን አሳቡን ወደ ፍጻሜ አደረሱት። በ1957 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስኩግና ሚለር ሁለት ዐይነት የማሳደጊያ ቅመሞች፥ ማለት ኦክሲንና ሳይቶካይኒን፥ በመጠናቸው መበላለጥ ምክንያት ተክሉ ሥር ወይም ቡቃያ እንዲያወጣ የሚያደርጉ መሆናቸውን አሳዩ። በ1962 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሙራሺጌና ስኩግ የተክል ምግብ የሚሆነውን የጨው ድብልቅ ወሰኑ፤ ዛሬም በዓለም ያሉት ላቦራቶሪዎች አብዛኞቹ በእርሱ ይሠራሉ።

ለቀርከሃ ጥበቡን ያመጡለት ከሁሉ ይልቅ የሕንድ ሊቃውንት ናቸው። በ1968 ከቀርከሃ ዘር የወጣ ፅንስ በጠርሙስ ውስጥ አደገ፤ በ1982ም በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ዘር ብዙ ፅንሶችን አብቅሎ ሙሉ ተክል ማድረግ ተቻለ። በ1990 በፑና ከተማ ካለው የብሔራዊ ኬሚካል ላቦራቶሪ የተሰማው ወሬ ግን ከሁሉ የሚያስደንቅ ነበር። በዱር ለማበብ አሥርት ዓመታት የሚያስፈልገው ቀርከሃ በዚያ ላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ገና ቡቃያ ሳለ በጥቂት ወራት አበበ፤ ዘርም ሰጠ። በዚህም የቀርከሃ የዕድሜ ሰዓት በሰው ጥበብ ሊነካ የሚችል መሆኑ ታወቀ። የቈላው ቀርከሃችንም በሱዳንና በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እጅ በዚህ መንገድ ተሞክሮ በቅሏል።

ሥራው በየደረጃው እንዴት እንደሚፈጸም ባጭሩ እንናገር። መጀመሪያ ጤናማና መልካም አገዳ የምትሰጥ እናት ተክል ትመረጣለች። ከእርሷ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት አንጓ፥ በላይዋ ካለችው የቡቃያ ዐይን ጋራ ትቈረጣለች። አንጓዪቱ በሳሙናና በውሃ ትታጠባለች፤ በአልኮልና በበረኪና ውስጥ ተነክራ ከሻጋታና ከባክቴሪያ ትነጻለች። ከዚያ ንጹሕ አየር ብቻ በሚነፍስበት ሣጥን ፊት በጠርሙስ ውስጥ ትተከላለች። አፈሯ አፈር አይደለም፤ አጋር ከሚባለው ከባሕር ሣር ከሚወጣ ነገር የረጋ ምግብ ነው፤ በውስጡም ጨዎች፥ ቫይታሚን፥ በአንድ ሊትር 30 ግራም ያህል ስኳርና የማሳደጊያው ቅመም አሉበት። ይህ ምግብ አስቀድሞ በእንፋሎት ጋን ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ስለ ተቀቀለ ሕይወት ያለው ነገር አይቀርበትም። ጠርሙሱ 25 ዲግሪ ያህል በሚሞቅ ክፍል ውስጥ በየቀኑ 16 ሰዓት መብራት እየበራለት ይቀመጣል።

ዐይኗ ስታቈጠቍጥና ቡቃያዎች ሲወጡ ሠራተኛው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየከፋፈለ ወደ አዲስ ጠርሙስ ያዛውራቸዋል። ቀርከሃ ብቸኝነትን አይወድም፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚተከሉት ቡቃያዎች ይለመልማሉ፤ ብቻዋን የተለየችው ግን ብዙ ጊዜ ትከሳለች። አንዱ ጠርሙስ በየወሩ ሦስት ቢሆን፥ ሦስቱ ዘጠኝ፥ ዘጠኙ 27 እያሉ በዐሥረኛው ወር 59,049 ይደርሳሉ። በሥራ ላይ ብዙው ስለሚበላሽ ቍጥሩ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ቢሆንም ሥር እየቈፈሩ ከማባዛት ጋራ የሚወዳደር አይደለም። በመጨረሻ ቡቃያዎቹ ሥር እንዲያወጡ ሌላ ቅመም ይሰጣቸዋል። ሥር ያወጡትም ከጠርሙስ ወጥተው እርጥበት ባለው ጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት አየሩን ይለምዳሉ፤ ከዚያም በችግኝ ጣቢያ ሲጠነክሩ ቈይተው ለተከላ ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ስንናገር ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ከዱር የመጣ ቀርከሃ በአካሉ ውስጥ የተሸሸገ ሻጋታ ይዞ ይመጣል፤ ውጭውን ቢያጥቡትም ከሳምንታት በኋላ ከውስጥ ወጥቶ ጠርሙሱን ያበላሻል። የተቈረጠው ስፍራ ደግሞ ጠቍሮ ምግቡን ይመርዛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሥር ማስወጣቱ ነው። ከጠርሙስ የወጣ ተክል ደረቅ አየርን አያውቅምና፥ ሰነፍ ችግኝ ጠባቂ እጅ የወደቀ እንደ ሆነ የዓመት ድካም በአንድ ቀን ፀሓይ ይጠፋል። መብራት የሚቋረጥበት ላቦራቶሪም ምንም ያህል ሊቅ ቢኖረው ፍሬ አይሰጥም። በሆለታ፥ በጅማ፥ በመቀሌ ለሙዝ፥ ለድንችና ለሌላውም ተክል ይህን ጥበብ የለመዱ ባለሙያዎች ስላሉን፥ ለቀርከሃ አዲስ ሕንጻ ከማቆም አስቀድሞ የያዝነውን ላቦራቶሪ መብራቱንና ቅመሙን ማሟላት ይሻላል።

ነገር ግን እስካሁን ከተናገርነው ችግር ሁሉ የሚበልጥ አንድ አደጋ አለ፤ ዋናው አሳባችንም ይህ ነው። ከላይ የተናገርነው ችግር ሁሉ ወዲያው ይታያል፤ ሠራተኛው አይቶ ያርመዋል። ይህኛው ግን አርባ ወይም ሃምሳ ዓመት ተሰውሮ ሊቈይ ይችላል። ከአንድ እናት አንጓ ተቈርጠው የተባዙት መቶ ሺህ ቡቃያዎች መቶ ሺህ ልጆች አይደሉም፤ ያችው አንዲት እናት መቶ ሺህ ጊዜ የተደገመች ናት። መልኳን ብቻ ሳይሆን ዕድሜዋንም ይዘዋል። እናቲቱ ልታብብ አምስት ዓመት ቀርቷት እንደ ሆነ፥ አዲሱ ተክል ለዐይን ሕፃን ቢመስልም ውስጡ ሽማግሌ ነውና ከእርሷ ጋራ ሊያብብና ሊደርቅ ይችላል። ገበሬውም መንግሥት የሰጠኝ ችግኝ ነው ብሎ እርሻውን ትቶ የተከለው ቀርከሃ ገና ሊጠቅመው ሲጀምር በአንድ ዓመት ይሞትበታል። በሽታም ቢነሣ አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላል፤ ሁሉም አንድ ናቸውና። የፑናው ወሬ የተክሉ ሰዓት ወደ ፊት ሊገፋ እንደሚችል አሳየ እንጂ፥ ያረጀውን ተክል ሕፃን የሚያደርግ ፈውስ አላመጣም።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሹማምንት የሆኑት ሁሉ አራት ነገር እንዲጠብቁ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ለማባዣ የሚወሰደው ተክል የበቀለበት ዓመት የታወቀ፥ ከዘር የተገኘ ወጣት ተክል እንዲሆን፤ ይህም አበባ በታየበት ስፍራ ሁሉ ዘሩን ሳይዘገዩ ሰብስቦ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ በማኖር ይፈጸማል። ሁለተኛ፥ በአንድ ወረዳ የሚተከለው ችግኝ ከአንዲት እናት ብቻ ሳይሆን ከብዙ እናቶች የተውጣጣ እንዲሆን። ሦስተኛ፥ ከላቦራቶሪ የሚወጣው ችግኝ ሁሉ የእናቱን ስም፥ ስፍራና ዕድሜ የሚናገር ጽሑፍ ይዞ እንዲወጣ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሌለውን ችግኝ ተቀባዩ ሹም እንዳይቀበል። አራተኛ፥ ጠርሙሱ ዱሩን እንዳያስረሳ። አብቦ የደረቀው ጫካ ከእሳትና ከከብት ለጥቂት ዓመታት ቢጠበቅ ያለ ብዙ ወጪ ራሱን ይተካል፤ ከዘርም ስለ ሚበቅል እያንዳንዱ ተክል የተለያየ ይሆናል። ላቦራቶሪ ይህን ሥራ ያግዘው እንጂ አይተካው።

እነዚህ አራቱ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ እርሱም መዝገብ ነው። በቻይና የአንድ ቀርከሃ ወገን በ999 ዓ.ም. ማበቡ ተጽፏል። ያው ወገን በጃፓን በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ከዚያም ከ1844 እስከ 1847፥ በመጨረሻም በ1960ዎቹ ማብቂያ አበበ። የእነዚያ አገሮች ሊቃውንት የዚህ ተክል ዘመን 120 ዓመት ያህል መሆኑን ያወቁት በማይክሮስኮፕ አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት የኖሩ ጸሐፊዎች ያዩትን ከነዓመቱ ጽፈው ስላቈዩላቸው ነው። ለደጋውም ለቈላውም ቀርከሃችን እንዲህ ያለ የብዙ መቶ ዓመት መዝገብ የለንም።

እንዲህ ያለውን መዝገብ አንድ ሰው ሊይዘው አይችልም፤ ዕድሜው አይበቃውምና። መሥሪያ ቤትም ስሙና ስፍራው በየጊዜው ስለሚለወጥ መዝገቡ ይጠፋል። በአገራችን ዘመን ቈጥሮ፥ በብራና ጽፎ፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ማስተላለፍ የለመዱት አድባራትና ገዳማት ናቸው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰላ ካህን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ወይም በአጥቢያው ያለው ቀርከሃ በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳበበና እንደ ደረቀ በአንዲት መስመር ቢጽፍ አይከብደውም። በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የሚጠበቁት ደኖች አገር በቀሉን ዛፍ ከመጥፋት እንዳዳኑት የታወቀ ነው፤ ዕድሜያቸው የተመዘገበ የቀርከሃ እናቶችም በዚያ ቢተከሉ፥ ላቦራቶሪው የታመነ ዘር የሚያገኝበት ስፍራ ይሆናል። የግብርና መሥሪያ ቤት በበኩሉ የዚህን ጽሑፍ ግልባጭ በየዓመቱ እየተቀበለ በአንድ ስፍራ ቢያከማች፥ ካህኑ የጻፈው ለሊቁ፥ ሊቁ ያባዛውም ለገበሬው ይደርሳል። በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ያለው፥ በ1997 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀርከሃና የራታን ድርጅትም አገራችን አባሉ ስለ ሆነች፥ ለዚህ ሥራ ምክሩን ለመጠየቅ መንገዱ ክፍት ነው።

የሚዞራም ሽማግሎች የነገሩትን ተረት ነው ብሎ የናቀው አስተዳደር በኋላ ሃያ ዓመት የተዋጋው ከረኃብ ከተወለደ ጦር ጋራ ነው። እኛ ዛሬ የምንተክለው ቀርከሃ የሚያብብበትን ቀን ከመካከላችን ብዙዎች አናየውም። የሚያዩት ልጆቻችን ግን ያን ጊዜ መዝገቡን ገልጠው፥ ይህ ተክል ከየት መጣ፥ ዕድሜውስ ስንት ነው፥ ዘሩንስ ለመሰብሰብ መቼ እንዘጋጅ ብለው ሲጠይቁ መልስ እንዲያገኙ ልናደርግ እንችላለን። ችግኙን የሚያባዛው ጥበብ በጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ችግኙን ለትውልድ የሚያቈየው ግን በብርዕ የተጻፈ ቃል ነው።